«ሲቲዝን የሚለውን ተጫኚና እለፊ»

ሲያትል አካባቢ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ነው የምሠራው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ኮሌጅ ሲያመለክቱ፣ የገንዘብ እርዳታ ፎርም ሲሞሉ ማገዝ ነው ሥራዬ። ወቅቱ ሲደርስ ማታ ላይብረሪው ይከፈታል፣ ፒዛ ይታዘዛል፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣሉ። እኛና በጎ ፈቃደኞቹ እየዞርን እንረዳለን። የፋፍሳ ምሽት እንለዋለን። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥቱ ማመልከቻ ነው፤ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብም፣ የተማሪ ብድሩም የሚመጣው በእሱ በኩል ነው።

አለቆች ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ። ስንት ልጅ ሞላ? ከአምናው በለጠ ወይ? ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ሁሉም ተማሪ ይሙላ» ተብሎ ተለጠፈ። ክፋት የለውም፣ በቅንነት ነው። ግን ፋፍሳ ሁሉም የሚሞላው ፎርም አይደለም፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የዚያን ዕለት ከመጡት አንዷ የኛው ልጅ ናት። እናቷ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሆም ኬር ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፣ ባጇም አንገቷ ላይ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ራኒንግ ስታርት በሚባለው ፕሮግራም ገና ሃይስኩል ሳለች የኮሌጅ ኮርስ ትወስዳለች። አካውንት ከፈተች፣ ሶሻሏን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን) አስገባች፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ዜግነት የሚጠይቀው ገጽ ላይ ደረሰች። ሦስት ምርጫ አለው፤ ዜጋ፣ ብቁ የሆነ የውጭ ዜጋ፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ሁለተኛውን ስትጫን ኤ ነምበር፣ ማለትም ኢሚግሬሽን የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ጠየቃት።

«እማዬ፣ ግሪን ካርዴን ይዘሽዋል?»

እናትየው ቦርሳዋን ከፍታ መፈለግ ጀመረች። ፈለገች፣ ፈለገች። ቦርሳው ያን ያህል ትልቅ አይደለም።

አጠገባቸው የቆሙት በጎ ፈቃደኛ ጡረታ የወጡ ደግ ሰውዬ ናቸው። ወረፋው ረዝሟል፣ እሳቸውም ማገዝ ነው የፈለጉት። «ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ለጊዜው ሲቲዝን የሚለውን ተጫኚና እለፊ፣ በኋላ ይስተካከላል» አሏት።

እኔ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ዞር ብዬ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነኪው» አልኳት በአማርኛ። ጮህ ሳልል አልቀረሁም፣ ፒዛ የሚበላው ሁሉ ዞሮ አየን። ሲቲዝን ነኝ ብሎ መሙላት እንደ ስም ስፔሊንግ በኋላ የሚታረም ነገር አይደለማ! ከ1996 ወዲህ ባለው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ጥቅም ለማግኘት ብሎ በሐሰት ዜጋ ነኝ ያለ ሰው ግሪን ካርድ ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል፤ ከዚያ መውጫው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው። ሎየሮች እንደ እሳት የሚፈሩት ነገር ነው። ሰውዬው ይሄን ከየት ይወቁት? ማንም አልነገራቸውም።

እናትየውን ኮሪደር ላይ አወጣኋት። ልጅቷን ፒዛ ውሰጂ አልናት።

«ወንድሜ፣ ልጄ አታውቅም» አለችኝ፣ በሩን እያየች። «የወረቀታችን ጉዳይ ያለቀልን ነው የሚመስላት።»

«ካርዷን ይዘዋል?» አልኳት።

ካርዱማ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሲፈለግ የነበረው ግሪን ካርድ ነው የሌለው። አወጣችው፣ ወርክ ፐርሚት ነው። ወርክ ፐርሚት ላይ ከስሙ ሥር ካታጎሪ የምትል ትንሽ መስመር አለች፣ ብዙ ሰው አያያትም። የሷ ሲ08 ይላል። አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ተጠይቆ ገና ያልተወሰነለት ሰው ማለት ነው። የተፈቀደለት ቢሆን ኤ05 ይል ነበር፤ ዳካ ያላቸው፣ ማለትም በልጅነታቸው መጥተው ከመባረር ጊዜያዊ ከለላ ያገኙ ልጆች ደግሞ ሲ33። ለኔ ሥራ ይቺ ኮድ ትልቅ ነገር ናት። ኤ05 ያለው ፋፍሳ ይሞላል፣ ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። ሲ08 ያለው ሶሻል ቢኖረውም፣ ታክስ ቢከፍልም፣ አሥር ዓመት ቢሠራም ከፌዴራል እርዳታ በኩል የመኖሪያ ወረቀት ከሌለው ልጅ እኩል ነው። ዳካውም፣ አገሩ ችግር ላይ ስለሆነ ጊዜያዊ ከለላ የተሰጠው ቲፒኤሱም እንደዚያው። ሶሻል ካለ ፋፍሳ አለ የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ብቻ የሀበሻ ካፌ ውስጥ ሕግ ሆኖ ነው የሚወራው።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ እንዴት ሳታውቅ ቀረች የሚል ይኖራል። ምንም አይገርምም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ፕላይለር በሚባለው መዝገብ ከወሰነ ወዲህ ወረቀት የላችሁም ተብለው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይመለሱም። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም። ራኒንግ ስታርትም አልጠየቃትም። የመጀመሪያው ጠያቂ ይሄው ፎርም ነው።

እኛ ደግሞ አንናገርም። ቅድም እኔ የነበርኩበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የሜክሲኮ ወንድማማቾች ነበሩ። ማንም ሳይነግራቸው የፌዴራሉን ትተው የስቴቱን የራሱን የእርዳታ ፎርም ከፍተው እየሞሉ ነው፤ ታላቅ እህታቸው ሞልታ ስለተማረችበት ቤት ውስጥ ተወርቶ ያለቀ ጉዳይ ነው። የኛ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያንም፣ ዕድርም፣ ለቅሶ ቤትም «ጨርሻለሁ» ነው መልሱ። የኢሚግሬሽን ኬዜ አላለቀም ማለት ነውር ይመስለዋል። በርግጥ ምክንያት አለው፣ ሰው ኬዙን ይጠቁምብኛል ብሎ የሚፈራበት አገር ነው። ግን ሆድ ይፍጀው የተባለው ነገር ልጅ ላይ ሲደርስ፣ ልጅየው ባላወቀው ነገር ስሙን ይፈርማል።

ለእናትየው የነገርኳት ይሄንኑ ነው። «እኔ አልነግራትም፣ የእርስዎ ፋንታ ነው። ግን ፎርሙ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት፣ ሳታውቅ መፈረም የለባትም» አልኳት። ያ ረቂቅ ሳይፈረም፣ ሳይላክ ተሰረዘ። ማታውኑ መኪና ውስጥ ነግራታለች።

በማግስቱ ልጅቷ ምሳ ሰዓት ቢሮዬ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ሶፍት አዘጋጅቼ ነበር። ጭራሽ። «እሺ፣ የኔ የትኛው ነው?» አለችኝ።

የሷ ዋስፋ ነው። የዋሽንግተን ስቴት የራሱ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ነው፤ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ልጆች የተዘጋጀ። ስቴቱ በ2003 ወረቀት የሌላቸው ልጆች እንደ ነዋሪ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የኮሌጅ ክፍያ፣ እንዲከፍሉ ፈቀደ፣ በ2014 ደግሞ የስቴቱን እርዳታ ከፈተላቸው። ከዋስፋው ጋር የነዋሪነት ቃል የሚሰጥበት አንድ ወረቀት አለ። ከኮሌጅ በፊት አሥራ ሁለት ወር እዚህ መኖርሽን፣ ሃይስኩል መጨረስሽን፣ መብቱ ሲኖርሽ ደግሞ ለግሪን ካርድ እንደምታመለክቺ ትፈርሚያለሽ። የመጨረሻዋን ስታነብ ሳቀች። «እናቴ ስንት ዓመቷ ነው ይሄን ስትለምን!»

እናትየው ግን ስልክ እየደወለች ትጨነቃለች። ዳላስ ያለችው እህቷ «ተዪ፣ ያ ነገር ቀርቷል» ብላታለች። እህትየው አልዋሸችም፣ ስለ ቴክሳስ ነው የምታወራው። ቴክሳስ በ2001 ከሌሎቹ ቀድማ እንደ ነዋሪ መክፈልን የፈቀደችበት ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥቱ ከስሶ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ቀረ። ጆርጂያ ደግሞ ወረቀት የሌለው ልጅ እንደ ነዋሪ መክፈል አይችልም። አትላንታና ሲያትል ያሉ ሁለት የአክስት ልጆች አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ሆነው መልሳቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ የሌላ ስቴት ዘመድ ምክር ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ደግሞም ሕጉ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ አምና የሞላውንም ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ማመን አይገባም።

ሌላው ፍርሃቷ «ስማችንን አሳልፈው ቢሰጡብንስ?» ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ነው የነገርኳት። አሳይለም የጠየቀ ሰው ስሙም አድራሻውም አሻራውም ኢሚግሬሽን ጋ አለ፣ ዋስፋ አዲስ ነገር አይነግራቸውም። ምንም ኬዝ አስገብቶ ለማያውቅ ቤተሰብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ፌዴራል ፎርም ላይ ስሙን ከማስፈሩ በፊት ከሎየር ጋር እንዲነጋገር ነው የምመክረው።

ውጤቱ ደህና ነበር። የዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት የሚባለው የስቴቱ እርዳታ ቱዩሽኑን፣ ማለትም የትምህርት ክፍያውን፣ ሸፈነላት። ፔል ግራንት የለም፤ በ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፣ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይተርፍ ነበር። የፌዴራል ብድርም የለም። ዶርም ቀረ፣ ከቤት እየተመላለሰች ነው የምትማረው። እናትየው ቅዳሜ ሌላ ሺፍት ጨመረች።

ቢሮውስ? ማስታወቂያው ላይ «ሁሉም» የሚለው ወጥቶ «ፋፍሳ ወይስ ዋስፋ? በሁለቱም እናግዛለን» ተባለ። ሁለቱንም ፎርም ለሁሉም ልጅ እናሳያለን፣ የትኛው ነው ያንተ ብለን ሰው መሀል አንጠይቅም። በጎ ፈቃደኞቹም ትእዛዝ አላቸው፤ ዜግነት የሚለው ገጽ ላይ ቤተሰቡ ዝም ካለ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው እኛን ይጠራሉ። ሰውዬው ነገሩን ስነግራቸው ክው አሉ፤ አሁን ይቺን ደንብ ከሁላችንም አጥብቀው የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። አለቃዬ የፋፍሳ ቁጥራችን ይቀንሳል ብላ ትንሽ ተሟግታለች። አዎ ይቀንሳል፣ ሁለቱን ደምረሽ ቁጠሪ አልናት፣ ተስማማች።

ከዚያ ወዲህ እናትየው ሰው ትልክብኛለች። አብረዋት ከሚሠሩት፣ ከሰፈር፣ ከማኅበር። ሁሉም ሲደውሉ መግቢያቸው አንድ ነው፤ «ለአንድ ዘመዴ ልጅ ነው የምጠይቅህ»። ማን ነው፣ የት ነው የሚኖረው አልልም። ኮሌጆቹ የየራሳቸው የቅድሚያ ቀን ስላላቸው ዘመድዎ ቶሎ ይምጡ፣ ካርዱንና ያለፉትን ዓመታት ታክስ ይያዙ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ዘመድየው ራሳቸው ደዋይዋ ሆነው ይመጣሉ።