ፊዚክስን ሸምድጄ ሚድ ላይ የደረሰብኝ

ይሄን የምጽፈው ፍሬሽማን ሆናችሁ ሜዲሲን፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ ለምታስቡ ልጆች ነው፣ እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ጄኔራል ፊዚክስ 3 ክሬዲት ነው፣ ዲፓርትመንት ስትመርጡ ግሬዱ ይከተላችኋል።

ቬክተር፣ የኒውተን ሕጎች ምናምን ሃይስኩል ያወቅነው ስለሆነ ቶሎ አለፈ። ያቃጠለኝ ፍሉይድ (የፈሳሽ ግፊትና ፍሰት) ነው። አስተማሪው ሁሉንም በአንድ ፔሬድ ሮጠበትና "የቀረውን ከሞጁሉ አንብቡ፣ ወርክሺቱን ከሠራችሁ ይበቃል" ብሎን ወጣ። አመንኩት፣ ወርክሺቱንም ሲኒየሮች የሰጡኝን የድሮ ፈተናም ከነመልሱ ሸመደድኩት።

ሚድ ላይ ምን መጣ፦ ግሉኮስ ከታካሚው ክንድ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ፈሳሹ ይገባል ወይስ አይገባም፣ አስረዱ። የፈሳሹ ዴንሲቲ 1000 ሲባዛ በግራቪቲ 9.8 ሲባዛ በከፍታው 1፣ ግፊቱ 9800 ፓስካል። እሺ። የደም ግፊት ወደሚለካበት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ለመቀየር ለ133 ማካፈል እንዳለብኝ ትዝ እስኪለኝ ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ 73 ተኩል ገደማ መጣ። ከዛ የደም ግፊት 120 በ80 አይደል፣ 73 ከ80ም ያንሳል ብዬ "አይገባም" ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያደርኩ ልጅ እኮ ነኝ! 120 በ80 የአርተሪ (ደም ከልብ የሚያወጣው ሥር) ነው፣ ግሉኮስ የሚገባው ቬይን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ውስጥ ነው፣ ተኝቶ ላለ ሰው ክንዱ ላይ ያለው ግፊት 10 አካባቢ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ 73 ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

ስሌቴ ልክ ስለነበር ትንሽ ማርክ ይሰጠኝ ብዬ ቢሮው ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ሁለቱን ቀን ዝግ፣ በሦስተኛው "ወርክሺቱ ላይ አለ እኮ" አለኝ። የለም! ገጽ በገጽ አሳየሁት፣ ቀና ብሎም አላየኝ። እስካሁን ያናድደኛል፣ በራሴ ግን የበለጠ እናደዳለሁ።

ከዛ በኋላ የድሮ ፈተናውን ዘግቼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የድሮ ፈተና ሥሩ የሚሏችሁን አትስሙ፣ እሱ የመጨረሻ ሳምንት ሥራ ነው። እያንዳንዱን ፎርሙላ ሰውነት ውስጥ የት ነው ያለው እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። የደም ሥር ራዲየስ በግማሽ ሲጠብ፣ ግፊቱ ሳይቀየር፣ የሚያልፈው ደም 1/16ኛ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ፍሰቱ የሚከተለው የራዲየሱን አራተኛ ፓወር ነው (½×½×½×½)። ይሄ ከገባችሁ በኋላ መሸምደድ አያስፈልግም። ዩኒቱን ደግሞ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ጻፉ፣ ሁልጊዜ።

ለፋይናል ሳነብ ነው ትዝ ያለኝ፣ ያኔ እናቴን ሽንት ቤት ሳደርሳት ግሉኮሱን ዝቅ አድርጌ ይዤው ቱቦው ውስጥ ደም ሲመለስ ደንግጬ ነርሷን ጠርቻት ነበር፣ "ከፍ አድርገህ ያዘው" ብላኝ ሄደች፣ ከፍ ሳደርገው ደሙ ተመልሶ ገባ።