ቱሉ ዲምቱ ድረስ የመጣ መሪ የለም

እሁድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው "ልጄ፣ ያን ጊዜ የፈረምኩት ወረቀት የት ደረሰ? የመታወቂያዬን ቁጥር ጽፈህ ወስደሃል እኮ" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ።

እኛ ለፓርቲያችን የመሥራች አባላት ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት የምንዞረው በፈቃደኝነት ነው፤ ታክሲው ከኪሳችን፣ ፎቶ ኮፒውም ከኪሳችን። የምርጫና የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ይህን ቁጥር የሚሞላው የየፎቁን ደረጃ የሚወጣው ልጅ ነው።

አመራሮቻችን ግን ስድስት ወር ሙሉ አንድ ስብሰባ አልጠሩም። ያዋጣነው ብር ምን ላይ እንደዋለ በአንድ ገጽ እንኳ አልነገሩንም፣ ስንጠይቅም "አሁን ጊዜው አይደለም" ነው መልሱ። አንጀቴን ያቃጥለኛል።

በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ አምኖት እንኳ መሪዎቹ ኋላ ላይ ተከፋፈሉ። ያኔ ሲሰለፍ የዋለ ሰው ዛሬ በሩ ሲንኳኳ ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። አመራሩ በወር አንድ እሁድ እዚህ ይምጣና አብሮን ደረጃ ይውጣ፣ ሰው ፊት ለፊት ይጠይቀው። ሒሳቡ ታትሞ ለአባላት ይታደል። የማይችል ካለ ቦታውን ይልቀቅ።

እኚያን እናት ለሚቀጥለው እሁድ ቀጥሬያቸዋለሁ። ወረቀታቸው የት እንዳለ እስከዚያ ካልተነገረኝ፣ እሱኑ እነግራቸዋለሁ።