ባለ ጆሮዋን ጉጉት ፍለጋ፦ ከጎንደር ወደ ሳንቃበር

የደጋዋን ባለ ጆሮ ጉጉት በሌሊት በባትሪ ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ መፈለግ ትርፉ ብርድ ነው። የሚያገኛት ቀን ላይ ያረፈችበትን ዛፍ የሚፈልግ ሰው ነው።

በሳይንሳዊ ስሟ አሲዮ አቢሲኒከስ ትባላለች። ቁመቷ ከ40 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር፣ ዓይኗ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ጆሮ መሳይ ላባዎቿ ግንባሯ መሃል ተቀራርበው የቆሙ ናቸው። በገደል አካባቢ ተለቅ ያለች፣ ጆሮዎቿ የተራራቁ ጉጉት ካያችሁ ሌላ ናት። ዓይኗ ጥቁር፣ ራሷ ድቡልቡል ከሆነም የጫካዋ ጉጉት ናት እንጂ ይህቺ አይደለችም።

የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጥዶች ለዓይን ማለማመጃ ይበቃሉ። ለዋናው ፍለጋ ግን ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደባርቅ መድረስ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መክፈልና ስካውት (አጃቢ ጠባቂ) መያዝ ግድ ነው። ከዚያ ወደ ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ወዳለው የአስታ ጫካ። (እውነቱን ለመናገር ባሌ ዲንሾ ላይ ይቀላል፤ ግን ከጎንደር ሩቅ ነው።) እረኛ ስትጠይቁ የጉጉትን ስም አታስቀድሙ። ብዙ ሰው በክፉ ምልክትነቷ ስለሚፈራት ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። «ሥሩ ኖራ የተረጨ የሚመስል ዛፍ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መሬት ተመልከቱ። ነጭ ኩስ ብቻውን አያሳምንም፤ ቁራም ያንኑ ያደርጋል። ወሳኙ ትፋቷ፣ ማለትም ሆዷ ያልፈጨውን ጠቅልላ በአፏ የምትጥለው ነው፦ አውራ ጣት የሚያህል፣ ከአይጥ ጠጉርና ካልተሰባበረ አጥንት የተጠቀለለ። የጭልፊት ሆድ አጥንቱን ስለሚያሟሟው ትፋቱ ውስጥ እምብዛም አጥንት አይገኝም። ጠቆር ብሎ እርጥበት ያለው ትፋት የቅርብ ነው፤ ነጣ ብሎ ሲነኩት የሚፈርሰው የቆየ ነው፣ ዛፉም ተለቅቆ ሊሆን ይችላል።

ትኩስ ካገኛችሁ ከ20 ሜትር ያህል ርቃችሁ ዛፉን ዙሩ፤ አንዱ ጎን የሸፈነውን ሌላው ይገልጠዋል። የወፍ ቅርጽ አትፈልጉ። ግንዱን ተጠግታ ስለምትቀመጥ የተሰበረ ጉቶ ነው የምትመስለው፣ ከአስታው የሚንጠለጠለው ግራጫ ጺም መሳይ ነገርም ይሸፍናታል። ጆሮዎቿን አቁማ ሰውነቷን ካቀጠነች አይታችኋለች፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። በስልክ የጉጉት ድምፅ ማሰማት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ቀን ላይ ከተነሳች ቁራዎች ያሳድዷታል፣ ዛፉንም ልትተወው ትችላለች።

ባይኖኩላር 8 በ42 ይሁን፤ 8 የሚያጎላበት እጥፍ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ለዓይን ይደርሳል፤ ኪስ የሚገባው 10 በ25 የሚሰጠው 2.5 ብቻ ነው፣ ሲመሽ ዋጋ የለውም።

ቀን ካልታየች ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዛፉን ከምዕራቡ ሰማይ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ተቀመጡ። ስትወጣ ጥላዋ ሰማዩ ላይ ይታያል፤ ክንፏ ድምፅ ስለሌለው በጆሮ አትጠብቁ። ጋቢ አትርሱ።