መጽሐፍ ይዞ ሀዋሳ መውረድ

ጥምቀት እንዳለፈ ጓደኛዬ «ሀዋሳ ወርደን ትንሽ ተንፈስ እንበል» አለችኝ። እሷ ወዲያው ያሰበችው የዋና ልብስ ነው። እኔ ደግሞ ምን መጽሐፍ ልያዝ የሚለውን።

በዚህ ጉዳይ አቋም አለኝ። ሐይቅ ዳር ከባድ አዲስ መጽሐፍ አይወሰድም። ሰው አያስነብብማ! ብቻዋን መጽሐፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት እኛ አገር ወይ ፈተና አለባት፣ ወይ አንድ ነገር ደርሶባታል፣ ወይ የቀጠራት ሰው ቀርቶባታል። በየትኛውም ቢሆን ዝም ተብላ አትታለፍም። ስለዚህ በየገጹ ቢያቋርጡኝ የማልናደድበት መጽሐፍ ነው የምፈልገው። ወይ ቀድሜ የማውቀው፣ ወይ ደግሞ ብተወው የማይተወኝ።

ቅዳሜ ዕለት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሄድኩ። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ እንደሆነ አይቀመስም። ሻጩ «ምን ዓይነት ልስጥሽ?» አለኝ። «ሐይቅ ዳር የሚነበብ» አልኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና «የሥነ ልቦና አለ፣ ሀብታም መሆኛም አለ» ብሎ ሚሊየነር ስለመሆን የሚያወሩ መጻሕፍት ቁልል አሳየኝ። አንተስ አንብበኸዋል ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

መጀመሪያ ያነሳሁት «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ነበር። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ልቦለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነው። ገለጥ ገለጥ አድርጌ መለስኩት። ሰው በእስር ቤት በሲጋራ ወረቀት ላይ የጻፈውን እኔ ሣር ላይ ተጋድሜ፣ አሳ እየበላሁ? ከበደኝ። እሱ የክረምት መጽሐፍ ነው፤ በር ተዘግቶ የሚነበብ።

«ኦሮማይ» ግን ገና ሳየው የእኔ ሆነ። በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተለቀመ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማም በዓመቱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ ተደብቆ ይነበብ የነበረው መጽሐፍ ዛሬ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ከእንግሊዝኛ መማሪያ ጋር ፀሐይ ይሞቃል። ሻጩ 400 አለኝ፣ በ250 ተስማማን። ታሪኩ አስመራና ምጽዋ ነው። ባሕር አለበትና ለሐይቅ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሌላው ከቤት ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»። የእናቴ ቅጂ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ነው የተለበደው። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ከባድ አይወሰድም ካልኩት ጋር የሚጣላ ይመስላል። ግን አነብበዋለሁ ከማለት እጎበኘዋለሁ ማለት ይቀላል። የትም ገልጬ ብገባ ጉዱ ካሳ አንድ ነገር ሲናገር አገኘዋለሁ።

ጓደኛዬ ሻንጣዬን አንስታ «ድንጋይ ነው የያዝሽው?» አለች። የእሷ ሻንጣ ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ አለ።

ከቃሊቲ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ሞጆን እንዳለፍን ኔትወርክ ጠፋና ጓደኛዬ ከስልኳ ጋር ተፋጠጠች። «እስቲ አንዱን አቀብይኝ» አለች። ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ መጽሐፍ ስትገልጥ አይቻት አላውቅም። ሁለት ገጽ አንብባ ትተኛለች ብዬ ኦሮማይን ሰጠኋት። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የያዙ ልጆች መስኮቱን ሲያንኳኩ ቀና አላለችም። ዝዋይ ላይ «ሐይቁ ያውልሽ!» አልኳት፤ «እህ» አለች። ሻሸመኔ ስንደርስ ብቻ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ደፍታ «ይሄ ጸጋዬ ግን እጮኛውን አዲስ አበባ ጥሎ ምን መሆኑ ነው?» ብላ ቆጣ አለች። በዚያችው ቅጽበት ኦሮማይ ከእጄ እንደወጣ ገባኝ።

ሀዋሳ ስንገባ የባጃጁ ልጅ ወደ ፔንሲዮናችን ለመውሰድ 200 ብር ተቀበለን። ከተማውን ዞሮ ዞሮ አደረሰን። በማግስቱ በእግራችን ስንሄድ መናኸሪያው ከጀርባችን ሆኖ አገኘነው። አዲስ አበባ ቢሆን ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ እውል ነበር። እዚያ ግን ሙቀቱ ነው መሰለኝ ሳቅኩ።

ፔንሲዮኑን በስልክ ስንይዝ «ሐይቁ ይታያል» ተብለን ነበር። አልዋሹም። በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት፣ በእግር ጣት ከተቆመ፣ በሁለት ጣሪያዎች መካከል ይታያል።

ስለ ሌሊቱ ግን ዝም አልልም። አጎራባቹ መጠጥ ቤት አንድ ዘፈን እየደጋገመ ግድግዳውን ያርገፈግፋል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከላይ ቤት ቡና ሲወቀጥ፣ ከታች ሕፃን ሲያለቅስ ማንበብ እችላለሁ። ይሄ ግን አልጋውን ነው የሚያንቀጠቅጠው። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፤ ሙዚቃውም አብሮት ሄደ። መብራት ሲጠፋ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነበር።

በዚያች ዕረፍት የስልኬን መብራት አብርቼ መጽሐፌን ገልጬ ነበር። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ የሐይቁ ትንንሽ በራሪዎች ገጹ ላይ ዘነቡበት። እፍ ስላቸው አይሄዱም። ገጹን ሳዞር ደግሞ ይጨፈለቃሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያላስቀመጧቸው ነጠላ ሰረዞች አሁን የእናቴ መጽሐፍ ላይ ሞልተዋል።

ሲብስብኝ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዘበኛው በር ሥር ካፖርት ለብሰው፣ ከሰል አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሳይጠይቁ ዱካ አወጡልኝ። «እንቅልፍ እምቢ አለሽ ልጄ? ይሄ ቤት ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉኝ። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን አዩና ይመጣል ያልኩት ጥያቄ መጣ።

«ፈተና አለብሽ እንዴ?»

«የለብኝም ጋሼ። ፍቅር እስከ መቃብር ነው።»

ባትሪያቸውን አበሩና ሽፋኑ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጥርጣሬ አዩት። «ወጋየሁ በሬዲዮ ያነበበው?» አሉ። ያው ነው አልኳቸው። ወታደር ሳሉ ካምፕ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ከበው ይሰሙት እንደነበር፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲጀምር ድምፅ ያሰማ ሰው እንደሚሰደብ ነገሩኝ። መጽሐፉን ግን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። «እስቲ ጉዱ ካሳን አምጪው» አሉኝ።

አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ አልለመድኩም፤ አፍሬም ነበር። ከሰሉ አጠገብ በባትሪ፣ ከጄኔሬተሩና ከዘፈኑ ጋር እየተሻማሁ ገጽ ጨረስኩ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። እዚህ ጋ ወጋየሁ ቆም ይል ነበር።»

መጽሐፉ ላይ ምንም የሚያስቆም ነገር የለም። ግን ቆምኩ። ከዚያ በኋላ በየመሀሉ አረሙኝ፦ ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፄን እንዳወፍር፣ ሰብለ ወንጌል ጋ ስደርስ እንዳልቸኩል። የሚነበበው መጽሐፍ ያው የእናቴ መጽሐፍ ነው፤ አነባበቡ ግን የሬዲዮው ካልሆነ አይፈቀድም። ሳይታወቀን ሊነጋ ሲል ሙዚቃው ቆመ። እኔም ተኛሁ።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። እዚያ መጽሐፍ መግለጥ የማይታሰብ ነው። ታንኳዎቹ ገብተው ሴቶችና ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ይፈለፍላሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አንገታቸውን ሰብቀው ሆድ ዕቃ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። አንዱ ከእኔ ደረት በላይ የሚቆም ነው፤ ቦታውን የወሰድኩበት ይመስል አፈጠጠብኝ። ጥሬ አሳ በዳጣ ይበላል። እኔ አልደፈርኩም፣ ጥብስ አዘዝኩ። ጓደኛዬ በአንድ እጇ አሳ፣ በአንድ እጇ ኦሮማይ ይዛ በላች። የአስመራው ምዕራፍ ላይ አሁን የዳጣ አሻራ አለበት።

ጉማሬ እናሳያችሁ ብለው በጀልባ ወሰዱን። 600 ብር ከፍለን ጆሮ አየን።

ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ሆኖም እንደ ሻላ ጨው አልሆነም። ይህንን ለጓደኛዬ ስነግራት «ዝም በይ፣ ወሳኝ ቦታ ላይ ነኝ» አለችኝ። እሷን ማንም አልጠየቃትም! እኔን ግን አንድ ገጽ ሳልጨርስ ፎቶ አንሺው «እናት፣ አንድ ላንሳሽ?» አለኝ። ኦቾሎኒ ሻጩ መጣ። ሎተሪ መጣ። አንዲት ተማሪ መጥታ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። ስነግራት «እኛም ተምረነዋል፣ ቅንጫቢውን» አለችና መጨረሻውን ነግራኝ ሄደች። የማውቀውን መጽሐፍ መያዜ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ቀጠልን። አንዳንዴ የጽዳቷ ልጅም ትመጣና ትቀመጣለች። ሐይቅ ዳር ላነበው የወሰድኩት መጽሐፍ በአብዛኛው የተነበበው ዘበኛ ቤት በር ላይ ነው።

ልንመለስ ስንል መጽሐፉን ልተውላቸው አሰብኩ። የእናቴ ስለሆነ እያመነታሁ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ፈጥነው እንቢ አሉ። «ዓይኔ ፊደሉን አይለይልኝም። ይልቅ የሬዲዮውን በስልክ መጫን አይቻልም?» ቁልፍ ያለው ስልካቸውን ከፍተው ሚሞሪ ካርዱን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

እዚያው ሀዋሳ ፒያሳ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ «ዘፈን ነው መዝሙር?» አለኝ። ትረካ ስለው ግራ ገባው፤ ፈልጎ አገኘልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቀን ፈጀ። 100 ብር ከፍዬ ይዤ ተመለስኩ። ካርዱን ከተው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ወጋየሁ ሲጀምር እጃቸውን አነሱ፤ የወታደር ካምፑ ሕግ ለእኔም እንደሚሠራ ገባኝና ዝም አልኩ። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ነው በር ሊከፍቱልኝ የተነሱት።

«አንቺም ደህና ታነቢያለሽ ልጄ» አሉኝ። «ወጋየሁ ግን ወጋየሁ ነው።»