አንድ በርሜል ውሃ አይበቃም፦ የባሕር ዛፍ ዘይት ያወጣሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ለእኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ለማውጣት ካሰባችሁ፣ በርሜሉንም ቱቦውንም ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁን ቁጠሩ። የሚፈላውን ሳይሆን የሚያቀዘቅዘውን።

ሐሳቡ የመጣልኝ ደሴ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ለቤት መሥሪያ፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ ይሄዳል። ከቅጠሉ የተወሰነው ለእንጀራ ምጣድ ይወሰዳል፣ የቀረው እዚያው ይበሰብሳል። ጉንፋን ሲይዘን አፍልተን የምንታጠነው እኮ ይኼው ቅጠል ነው። ሽታውን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ዘይት ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሥራው ከተሳካ፣ አንድ ኪሎ ገደማ ዘይት ይገኛል።

ሥልጠና ወሰድኩ። ሦስት ቀን ነው፣ ምስክር ወረቀትም አለው። አሰልጣኙ ለመኪናም ለገበያም ይመቻል ብሎ ኮምቦልቻ እንድጀምር መከረኝ። እኔም አምኜ እዚያ ግቢ ተከራየሁ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በርሜሉ ሥር ውሃ ይደረጋል። ከውሃው በላይ የብረት ፍርግርግ ይቀመጣል፣ ቅጠሉ እሱ ላይ ይጠቀጠቃል። ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ገብቶ የበርሜሉን ወለል ከነካ ያርራል፣ ዘይቱም የተቃጠለ ይሸታል። ክዳኑ በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ በቅጠሉ መሃል ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፣ በተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ፈሳሽ ተመልሶ ይንጠባጠባል። የባሕር ዛፍ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ለብቻው ቢሆን ለመፍላት ከ170 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ከውሃ እንፋሎት ጋር ግን ከ100 በታች ይወጣል። ስለዚህ ኃይለኛ እሳት አያስፈልገውም።

ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አድርቁት ብለውን ነበር። አታድርቁት። ፀሐይ ዘይቱን ትወስደዋለች። ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ጠውለግ ይበል፣ ይበቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

የመጀመሪያው ቀን 40 ኪሎ ቅጠል ጫንኩ። ለማቀዝቀዣው 200 ሊትር በርሜል ሞላሁ። ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ ሥልጠናው ላይ ጠይቄ ነበር። «አንድ በርሜል ይበቃል» ነው የተባልኩት። በተሰጠን ወረቀት ላይም እንደዚያው ተጽፏል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደስ ይል ነበር። ጠብ ጠብ እያለ ወረደ፣ ላዩ ላይ ቀጭን ወርቅማ ዘይት ታየኝ። ከዚያ ግን የቱቦው ጫፍ መጭስ ጀመረ። እንፋሎት ነው። እኔ ግን ሥራው የተፋጠነ መስሎኝ ማገዶ ጨመርኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ። መንደሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ። የሚሸተው አየር ላይ የሚበተነው ዘይቴ ነበር።

ጎረቤቴ እማማ ሽታውን ተከትለው መጡ። አረቄ በማውጣት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ የማቀዝቀዣውን በርሜል በመዳፋቸው ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ኸረ ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ ሊፈላ ነው! ውሃውን ለውጠው እንጂ!»

ያን ቀን ቧንቧው አልመጣም ነበር። ያለኝ ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው። በጎማ ጨመርኩት፣ ግን ከላይ ነበር የምጨምረው። ቀዝቃዛው ውሃ ከላይ ገብቶ ከላይ ፈሶ ወጣ። እማማ ጎማውን ነቅለው እስከ በርሜሉ ወለል ሰደዱት። ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል። እሳቱንም ራሳቸው ቀነሱት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ተስተካከለ፣ ግን ጀሪካኑ ወዲያው አለቀ። ከ40 ኪሎ ቅጠል ያገኘሁት 150 ሚሊ ሊትር አይሞላም።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ኪሎ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ 540 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይለቃል። የማቀዝቀዣው ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 50 እስኪደርስ ብንታገሠው፣ ለእያንዳንዱ ለሚንጠባጠብ ሊትር 20 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ 10 ሊትር ሲወርድ 200 ሊትሩ በርሜል አለቀለት። እኔ ያን ቀን 30 ሊትር ማውረድ ነበረብኝ። 600 ሊትር ማለት ነው። ይህ ስሌት አንድ ገጽ አይሞላም። በሦስት ቀን ሥልጠና ውስጥ አሥር ደቂቃ ማጣቱ ያሳዝነኛል።

ኪሳራው ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት 50 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ የሚያወጣው ትነት በእሳት ይያያዛል። የእኔ ቱቦ ጫፍ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ነበር የሚርቀው። ያን ቀን ያልተቃጠልኩት እግዚአብሔር ጠብቆኝ ነው። ቱቦውን አርዝሙት፣ መቀበያውን ከእሳቱ ለዩት። ሕፃናት ካሉም ጠርሙሱን ቆልፉበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ቢጠጡ ሊመርዛቸው ይችላል። ማስቀመጫው ጥቁር ጠርሙስ ይሁን፣ ፕላስቲክ አይሆንም።

ከሁለት ወር በኋላ ዕቃዬን ጭኜ የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ደሴ ተመለስኩ። ደሴ ቅጠሉ ደጄ ነው፣ ጠዋት ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ሦስት በርሜል ደረደርኩ፣ አንዱ ሲሞቅ ወደ ሌላው እዞራለሁ። የሞቀው ሲያድር ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ያንኑ እጠቀምበታለሁ። በዚህ መንገድ ከ40 ኪሎ ቅጠል 380 ሚሊ ሊትር አወጣሁ። ያን ቀን ጠርሙሱን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩና ለእማማ ሰጠኋቸው።

ወደ ሥልጠናው ቦታም ሄጄ ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። «እናየዋለን» አሉኝ። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ሠልጣኝ ወረቀቱን አሳየኝ። አሁንም «አንድ በርሜል» ይላል። እስክሪብቶ ተውሼ «ሦስት» ብዬ አስተካክዬ መለስኩለት።