ስንቁን ከጎተራው የያዘ ሠራዊት

የካቲት 23፣ ማታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ «ተመስገን» ስል ነው የዋልኩት። ጠዋት ለኪዳን አራዳ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ስወጣ አደባባዩ በፈረሰኛና በጎፈር ለባሽ ተሞልቷል፤ ሽለላው፣ ፉከራው፣ እልልታው ሌላ ነው። ሕፃናት ጉንጫቸው ላይ ባንዲራ አስለዋል። የአድዋ ድል 130 ዓመት ሞላው። እኔ ግን ያንን ሁሉ ሕዝብ እያየሁ በልቤ የማወጣ የማወርደው የገንዘብ ነገር ነበር።

ከጣልያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁላችንም በቀጥታ 17ኛው አንቀጽ ላይ እናርፋለን፤ በጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን ከጣልያን ሥር ያደረገው እሱ ነውና። ትምህርት ቤት የተማርነውም እሱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ብድሩ ነው። ውሉ ሚያዝያ 1881 ተፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 1882፣ ያኔ ደጃዝማች የነበሩት ራስ መኮንን ጣልያን አገር ሄደው ተጨማሪ ውል ፈረሙ። እዚያ ውስጥ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት። መያዣው ደግሞ የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው።

ጊዜውን አስቡት። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ የገባበት ሰዓት ነው። ከብቱ በበሽታ አልቋል። የሚያርስ በሬ የለም። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። በእንዲህ ያለ ዘመን የተበደረ መንግሥት ዕዳውን ዛሬ ነገ እያለ ቢያቆየው ማን ይፈርድበታል? አጼ ምኒልክ ግን በ1885 «ይህን ውል አልቀበልም» ሲሉ ብድሩንም ችላ አላሉትም። ጦርነቱ ሳይመጣ ከነወለዱ ከፈሉ። እኔ ይሄን ከድሉ ለይቼ አላየውም። ከአበዳሪው ጋር ፊት ለፊት ከመቆማቸው በፊት ከእጁ ወጡ። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 22 ላይ «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ይህ ቃል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ደግሞ ስንቁ አለ። ክተት የታወጀው በመስከረም 1888 ነው። ንጉሡ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸው ለመኑ። አዎ፣ ለመኑ ነው የምለው። የተከተላቸው ሕዝብ አብዛኛው የወር ደሞዝ የሚቆረጥለት ወታደር አልነበረም። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። ያ እህል ከየት የመጣ ነው? ከጥቂት ዓመታት በፊት በረሃብ ልጁን ከቀበረ ገበሬ ጎተራ። ለክፉ ቀን ብሎ ቢደብቀው የሚፈረድበት አይደለም። እሱ ግን አቁማዳው ውስጥ ከቶ፣ አህያው ላይ ጭኖ፣ ሚስቱ ከኋላ እየተከተለች ወራት የሚፈጅ መንገድ ሄደ። የካቲት ሲገባ ስንቁ ተሟጦ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እንዲህ ሆነው ነው እሑድ ጠዋት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ታቦቱን ይዘው የተዋጉት።

ስለ ጎራዴውና ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል። ስለዚያ በሶ ግን የሚበቃውን ያህል አላወራንም። እኔ ዛሬ በነጻ አገር ያለ ፍርሃት ማስቀደሴ የዚያ በሶ ፍሬ ነው። ንጉሥ ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ያን ሁሉ ወርቅና ብር ከሕዝቡ ጋር ከሰጠ በኋላ እግዚአብሔርን ምን እንዳለው አንደኛ ዜና መዋዕል 29 ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም ከአንተ ነው፣ የሰጠንህም ከእጅህ የተቀበልነውን ነው አለ። እንዲህ የሚል ሰው ነው ስንቁን ሳይሰስት የሚያወጣው።

እማዬ ይሄን ነገር በራሷ መንገድ ትኖረዋለች። ጡረታዋን እንደተቀበለች መጀመሪያ የምታደርገው አሥራቷን መለየት ነው። ፖስታው መዝሙረ ዳዊቷ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ደብተሯን ታወጣለች። እድር፣ እቁብ፣ መብራት፣ መድኃኒት፣ ለጎረቤት ሐዘን የሰጠችው ሳይቀር በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሃያ ብርም ብትሆን ትጻፋለች። «ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «የሰው ገንዘብ ነው የያዝኩት፣ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» ትላለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ ቤታችን ሁሉም ያውቃል።

ዛሬ ምሳ ላይ ታናሽ ወንድሜ የሠርጉን ነገር አነሳ። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ የቪዲዮ ባለሙያ፣ የሊሞዚን ኪራይ። ግማሹን ከቁጠባ፣ ግማሹን ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሊያወጣ አስቧል። እማዬ ሽሮዋን እያወጣች ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ፣

«ልጄ፣ ጫጉላህን በዕዳ ልትጀምረው ነው?» አለችው።

«እማዬ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ሰው ሲከፍል አብሮህ አይከፍልም።»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ስንት ወጣት ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ የሠርጋቸውን ቪዲዮ አይተው ሳይጠግቡ በወር ክፍያ መነታረክ የጀመሩ። ብድር ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። መሬት የሚያርስበት፣ ሱቅ የሚከፍትበት ሰው ይበደር፣ እግዚአብሔር ይባርክለት። ለአንድ ቀን ድምቀት ብሎ የዓመታት ነጻነቱን የሚያስይዝ ሰው ግን ያሳዝነኛል። ስለ አድዋ እየፎከርን በግል ኑሯችን ለአበዳሪ አንገት የምንደፋ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎናል።

እንደ አገርም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል የቀረችበትን ዜና ስሰማ ሆዴ ባባ። በሌላ በኩል ባለፈው ጳጉሜን 4 ሕዳሴ ግድቡ ሲመረቅ አለቀስኩ። የቀን ሠራተኛው፣ ጫማ አሳማሪው፣ አረብ አገር በሰው ቤት የምትደክመው እህታችን ቦንድ ገዝተው ያገዙት ነውና። የእማዬም ቦንድ ወረቀት እዚያው መዝሙረ ዳዊቷ ሥር ነው ያለው። ያ የአቁማዳ በሶ ዛሬም አልጠፋም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ድሉ የተገኘባት አድዋ ትግራይ ውስጥ ናት። በእኛው ዘመን፣ በእኛው ጦርነት ያ ሕዝብ ብዙ ተጎድቷል። አማራና አፋርም እንደዚያው። ዛሬም ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ የሚኖር ወገን አለ። እዚህ አራዳ ላይ ለአድዋ እልል ብዬ፣ አድዋ ላይ ለሚራብ ሰው ኪሴን ከዘጋሁ ምስጋናዬ ወደ ሰማይ የሚደርስ አይመስለኝም። እኔ እንዲያ ብዬ ነው የማምነው።

ስለዚህ የዚህን ወር አሥራት ለሁለት ልከፍለው ነው። ግማሹ ለደብራችን፣ ግማሹ በቤተ ክርስቲያን በኩል ለተፈናቃዮች። ከእማዬ ጋር ተማክረናል። አሥራት የደብሩ ነው የሚል ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ንስሐ አባቴንም እጠይቃለሁ። ደረሰኝም እቀበላለሁ። ደረሰኝ መጠየቅ ካህናቱን መጠርጠር የሚመስላቸው አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ሲልክ ብቻውን አልያዘውም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሰው አብሮ ላከ። ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አለ። የሚሰጠውም የሚቀበለውም መጋቢ ነው።

ወንድሜ ማታ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ሠርጉን ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ብንጥልስ?» አላት። እሷም ድንኳኑን ከእድሩ እንደምትጠይቅለት ነገረችው። የእጮኛው ወላጆች ምን እንደሚሉ እሑድ እንሰማለን።