ጃም ውስጥ ላለመጥፋት ቤዙን ያዙ

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ሜሪላንድ፣ ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊዮን የሚባለው የኮንሰርት ቦታ ሳሩ ላይ ቆሜ፣ ፊሽ የሚባለውን ባንድ ረጅም ጃም ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይጠፋብኝ ሰማሁት። ደስታዬ ገና አልበረደም። እስኪ ለጀማሪዎች የሚጠቅም ነገር ካለኝ ላካፍል።

ጃም ባንድ ዘፈኑን እንደ መነሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ከግጥሙ በኋላ ያለው እዚያው መድረክ ላይ ይፈጠራል፤ ጃም የሚሉት እሱን ነው። መንገዱን የከፈተው በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሳው ባንድ፣ ግሬትፉል ዴድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፊሽ በ1983 ቬርሞንት ውስጥ ተመሠረተ። በ2017 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 13 ምሽት ተጫውተው አንድም ዘፈን አልደገሙም። ዛሬ ያየ ሰው ነገም የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልም። የሚነጠፍ ነገር፣ ውሃ፣ የጆሮ መከላከያ ያዙ። የሜሪላንድ ሰመር ወበቁ ከባድ ነው፤ ከመሸም አይለቅም።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ጃሙ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሐሳቤ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። እኛ ድምፃዊ ተከትለን ያደግን ነን። ድምፃዊው ዝም ሲል ጆሯችን የሚይዘው ያጣል። አብዛኛው ሰው ያኔ ወደ ጊታሩ ይዞራል። የፊሹ ትሬይ አናስታሲዮ ድንቅ ጊታሪስት ነው፤ ግን ጊታሩን ብቻ የሙጥኝ ያለ ሰው ጃሙ መቼ እንደታጠፈ አያውቅም። ብዙ ጊዜ የሚያጥፈው ቤዙ ነው።

ኪቦርድ ያላችሁ ይሄን ሞክሩ። በቀኝ እጅ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እያላችሁ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ። በግራ እጅ ከታች ዶን ያዙ። ትዝታ ሜጀር ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አሁን ቀኝ እጃችሁን ሳትቀይሩ ግራውን ወደ ላ አውርዱት። ባቲ ማይነር ሆነ! ከላይ አንድም ኖታ አልተነካም፤ መቀመጫው ብቻ ተቀየረ። የፊሹ ማይክ ጎርደንም ቤዝ ላይ እንዲህ ያደርጋል። ጊታሩ እዚያው ሐረግ ላይ እያለ እሱ ከታች ወደ ሌላ ኖታ ይንሸራተታል። ፔጅ ማኮኔል በኪቦርዱ ይቀበለዋል። ያን ጊዜ የሙዚቃው ፊት ወይ ይጠቁራል ወይ ይፈካል።

ይሄ ከገባኝ በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቅጂ ተለማመድኩ። የመረጥኩት በጁላይ 31 ቀን 2013 ሌክ ታሆ አጠገብ የተጫወቱትን «ትዊዘር» የተባለ ዘፈን ነው። ከ36 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ይዤ ሰማሁት። ቀጥዬ የጆን ፊሽማንን ድራም ጨመርኩ። ጊታሩን ለመጨረሻ አቆየሁት። አንድ ቦታ ላይ ባንዱ ድንገት ቆም ይልና ይቀጥላል፤ በዚያች ክፍተት ሕዝቡ «ዉ!» ይላል። ባንዱም ሰምቶ ደግሞ ደጋግሞ ይቆምለታል። በዚያች ሰዓት ተመልካቹም አብሮ ይጫወታል። እኔን ጠቅልሎ የወሰደኝ ይሄ ቦታ ነው።

«ከስቱዲዮ አልበም ጀምር» የሚሉ አሉ። በጭራሽ አልስማማም። ጃሙ ያለው ኮንሰርቱ ላይ ነው፤ ከኮንሰርት ቅጂ ጀምሩ። ስልክ አውጥቶ መቅረጽንም አልወድም። ግሬትፉል ዴድ በ1984 ለቀራጮች የራሳቸውን ቦታ ከፍቶላቸዋል፤ ማይክ በዘንግ ሰቅለው በወጉ የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው። ሥራውን ለእነሱ ተዉላቸው። እናንተ ከቻላችሁ ከሚክሰሩ ጀርባ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ባለሙያው ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ነው፤ ቤዙም እዚያ ጥርት ብሎ ይደርሳችኋል።

አሁንም ያልቻልኩት አለ። በግሬትፉል ዴድ ቅጂዎች ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ቢል ክሩትዝማንና ሚኪ ሃርት በድራም ብቻቸውን የሚቀሩበት ሰፊ ቦታ አለ። ቤዙ ሲወጣ እኔም የምይዘው አጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ አልፈዋለሁ። ከበሮ እየመታ ያደገ ሰው ካለ፣ እዚያ ጋ ጆሮው ምን እንደሚከተል ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።